«አሜባ ነው» እየተባለ ሁለት ዓመት፦ ስለ ልጆች ክሮንስ በሽታ፣ ጎንደር ያላችሁ ወላጆች እንነጋገር

የማሚቱ አባት (ማራኪ)

ሰላም ወገኖች። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ልጄ አሁን 12 ዓመቷ ነው። ሕመሙ ሲጀምራት ዘጠኝ ተኩል ገደማ ነበረች። መጀመሪያ ሆዴን አለች። ከበላች በኋላ በቀኝ በኩል፣ ከእምብርት ዝቅ ብሎ። ከዚያ ተቅማጥ መጣ። ይሄዳል፣ ይመለሳል። አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ሰገራ ታየ፣ «አሜባ ነው» ተባለ። መድኃኒቱን ስትወስድ ሳምንት ደህና ሆነች። ወር ሳይሞላ ያው። ሌላ ቦታ ሄድን፣ «ጃርዲያ»። ሌላ ቦታ፣ «ታይፎይድ»። እንዲህ ስንል ሁለት ዓመት አለፈ። ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን አንቲባዮቲክ ስንት ዙር እንደዋጠች እኔም እናቷም አናውቀውም።

በዚህ ሁሉ መሀል ያላየነው ቁመቷን ነው። ለጥምቀት የተገዛላት የሀበሻ ቀሚስ በዓመቱም ልኳ ሆነ። ደስ አለን እንጂ አልጠረጠርንም። በሦስተኛው ጥምቀት ያንኑ ቀሚስ ለበሰች። ከቀሃ ስንመለስ ከታናሽ ወንድሟ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ከፊቴ ይሄዳሉ። በሁለት ዓመት የሚያንሳት ልጅ በትከሻ በልጧታል። መንገድ ላይ ቆምኩ። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ በቀን ስድሳ ልጅ አያለሁ። የራሴን ልጅ አላየሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሪፈር ተጻፈልን። ኮሎኖስኮፒ ተሠራላት (አንጀቷ በካሜራ ታየ)፣ ከአንጀቷ ናሙና ተወሰደ፣ የቲቢ ምርመራው ሁሉ ታየ። መጨረሻ ላይ «ክሮንስ» አሉን፣ አንጀት እየተቆጣ የሚቆስልበት የሚሰነብት በሽታ ነው። ቃሉን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

የእህቴ ልጅ ሕክምና ተማሪ ነው። ማታ ማታ አብረን ቁጭ ብለን እናነባለን። እሱ ያስረዳኛል፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ብዙ ያነበብነው ሱብራ ኩጋታሳን የሚባሉ ሐኪም የሠሩትን ነው። አትላንታ፣ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ የልጆች የአንጀት ሐኪምና ተመራማሪ ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካና በካናዳ ባሉ 28 ማዕከላት ክሮንስ ገና የተገኘባቸውን 913 ልጆች መዝግበው ለሦስት ዓመት ተከታተሉ። ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ላንሴት የሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ጥያቄያቸው የኔም ጥያቄ ነበር። የትኛው ልጅ አንጀቱ ይጠብበታል? የትኛውስ ልጅ አንጀቱ ይበሳበታል? አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ?

ልቤን የነካኝ አንድ ውጤት አለ። በሽታው በታወቀ በሦስት ወር ውስጥ ቲ ኤን ኤፍ የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያግድ መድኃኒት የጀመሩ ልጆች ላይ አንጀት የመበሳቱ አደጋ ቀነሰ። የመጥበቡ አደጋ ግን አልቀነሰም። ይህንንም ሳይደብቁ ጽፈውታል።

ሦስት ወር! እኛ ስሙን ለማወቅ ብቻ ሁለት ዓመት ፈጅተናል።

ክስ አይደለም የምጽፈው። ጎንደርና ዙሪያዋ እንደኛ የሚንከራተት ቤተሰብ ካለ ይናገር ብዬ ነው። ሐኪሞችም ካላችሁ አስተምሩን።

---

የልጆች ሕክምና ሬዚደንት

የማሚቱ አባት፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። ራስህን አትውቀስ። በልጅ ላይ ይህ በሽታ ተደብቆ ነው የሚመጣው። በሽታው ካለባቸው ሰዎች ከአራት አንድ የሚሆኑት ከ20 ዓመታቸው በፊት ነው የሚታወቅባቸው።

ስለ ቁመት ያነሳኸውን ላጠናክረው። ክሮንስ ያለበት ልጅ የማያድገው ስለማይበላ ብቻ አይደለም። ሲበላ ስለሚያመው ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን የተቆጣው አንጀት ወደ ደም የሚለቃቸው ነገሮች አሉ፣ ቲ ኤን ኤፍ አንዱ ነው። እነዚህ አጥንት እንዲያድግ የሚያዘውን የሆርሞን ሥራ ያዳክማሉ። ስለዚህ ልጁ እየበላም ሊቆም ይችላል። አንዳንዱ ላይ ቁመቱ የሚቆመው ተቅማጡ ከመምጣቱ በፊት ነው።

እኔ ወላጅ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የድሮ ካርድ ነው። የክትባት ካርድ፣ ትምህርት ቤት የተለካበት ወረቀት፣ ያገኛችሁትን። ለአቅመ ሔዋን ወይም ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ በዓመት 5 ሳንቲሜትር አካባቢ ያድጋል። በዓመት ከ4 በታች ከሆነ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ። ተደጋግሞ የሚወጣ የአፍ ቁስል። የመገጣጠሚያ ሕመም። በብረት ክኒን የማይስተካከል ደም ማነስ። በፊንጢጣ ዙሪያ ቁስል ወይም መግል። ይህን የመጨረሻውን ልጆች ያፍሩበታል፣ አይናገሩም፣ እኛም ሳናይ እናልፋለን። እባካችሁ ጠይቋቸው።

---

ቆላድባ እናት

እኔ አንድ ነገር ልበል። ሁሉንም ተቅማጥ ክሮንስ እንዳታስመስሉብን። የኔ ልጅ ደም የቀላቀለ ሲያስቀምጠው አብጄ ነበር። ቢልሃርዚያ ሆኖ ተገኘ። ወንዝ ውስጥ ሲዋኝ ነው የያዘው። አንድ ቀን መድኃኒት ዋጠ፣ ዳነ። ደንቢያ ላይ ይሄ ብዙ ነው። ድሃ እናት ይህን አንብባ በሬዋን ሸጣ አዲስ አበባ እንዳትሄድ።

---

የልጆች ሕክምና ሬዚደንት

እናቴ፣ ልክ ነዎት፤ ይህን ስላነሱት ደስ ብሎኛል። እኛ አገር ሕፃን ሲያስቀምጠው መጀመሪያ የሚታሰበው ኢንፌክሽን ነው፣ እንደዚያም መሆን አለበት። ክሮንስ የሚጠረጠረው ታክሞ ሲመለስ፣ ሲሰነብት፣ ልጁ ሲከሳና ሲቆም ነው። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። የእርስዎ ልጅ አንድ ጊዜ ታክሞ ዳነ። ማሚቱ ግን ደጋግማ ታክማ ሕመሙ ደጋግሞ ተመለሰባት።

---

ማይክሮስኮፕ (ላብራቶሪ)

የኛን ክፍል ነገር እኔ ልናገር፣ ሌላ ሰው ስለማይናገረው።

«አሜባ» የሚለው ውጤት ላይ አንድ ችግር አለ። በሽታ የምታመጣው ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካ ትባላለች። መንትያ አለቻት፣ ኢንታሚባ ዲስፓር። ይቺኛዋ ጉዳት የላትም። በማይክሮስኮፕ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የሚለየው የምትንቀሳቀሰው አሜባ ቀይ የደም ሴል ውጣ ስትታይ ነው። ስለዚህ ሲስት (የማትንቀሳቀሰውን፣ በሽፋን የተጠቀለለችውን አሜባ) ብቻ አይተን «አሜባ ተገኘ» ብለን ስንጽፍ፣ ልጁን ያመመው ያ ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ናሙናው ትኩስ መሆን አለበት። ቀጭን ሰገራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልታየ የምትንቀሳቀሰው አሜባ ትሞታለች። ወላጆች ከቤት ጠዋት ይዘው ይመጣሉ፣ ወረፋ ይጠብቃሉ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ሁለት ሰዓት አልፎታል። አደራ፣ ልጁ ጤና ጣቢያው ውስጥ ነው ናሙና መስጠት ያለበት።

እኔ ስምንት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። አንድ ልጅ በዓመት አምስት ጊዜ «አሜባ» ተብሎ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ምን እንደምጽፍ ይጨንቀኛል። ከእንግዲህ «ለተደጋጋሚ ጊዜ» ብዬ እጨምርበታለሁ። ሐኪሙ ቢያንስ ይጠይቅ።

---

የማሚቱ አባት (ማራኪ)

ማይክሮስኮፕ፣ ይህን ከሁለት ዓመት በፊት ብሰማው ኖሮ!

ያነበብነው አንድ ነገር ካንተ ጋር ይገጥማል። በአሜሪካና በካናዳ ከተመዘገቡት ከነዚያው ልጆች፣ ገና መድኃኒት ካልጀመሩት ላይ የአንጀት ናሙና ተወስዶ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ተጠንተዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ክሮንስ ያለባቸው ልጆች አንጀት ውስጥ የባክቴሪያዎቹ ሚዛን ከጅምሩ ተዛብቷል። አንቲባዮቲክ የወሰዱት ላይ ደግሞ መዛባቱ ብሷል። ይህን ሳነብ ያቺ በየወሩ የምንገዛት ክኒን ትዝ አለችኝ። እንደ መፍትሔ ነበር የምንሰጣት።

---

ቀበሌ 16 ሽማግሌ

ልጆቼ፣ አንብቤ አዘንኩ። ልጅቷን እመቤታችን ትማርልን። ጠበል አስጠምቃችኋታል? ደግሞ ልጄ፣ ይህ ሁሉ የአሜሪካ ልጅ ተቆጥሮ ለኛ ምን ያደርግልናል? የነሱ ምግብ ሌላ፣ የኛ ሌላ። የነሱ ደም ሌላ፣ የኛ ሌላ።

---

የማሚቱ አባት (ማራኪ)

አባቴ፣ ስለ ጸሎትዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠበል ሄዳለች። መድኃኒቷንም አላቋረጠችም፣ የንስሐ አባታችን ራሳቸው «መድኃኒቷን እንዳታስቆሙ» ብለው ነው የላኩን።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ትልቅ ነው፣ እኔም ጠይቄዋለሁ። የእህቴ ልጅ እንዲህ አስረዳኝ። በ2001 እ.ኤ.አ. ኖድ 2 የሚባል ከክሮንስ ጋር የተያያዘ ዘረ መል ተገኘ። ያኔ ዓለም ሁሉ ደስ አለው። ግን የታወቁት ለውጦች አውሮፓውያን ላይ የሚገኙ ናቸው፣ አፍሪካውያን ላይ እጅግ ብርቅ ናቸው። ስለዚህ በዚያ ብቻ የኛን ልጅ መመርመር ከንቱ ነው። ለዚህ ነው ኩጋታሳንና ባልደረቦቻቸው ጥቁር አሜሪካውያንን ለብቻ ያጠኑት። ታማሚና ጤነኛ ሲደመር ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ሙሉ ዘረ መላቸው ተነበበ። በ2021 እ.ኤ.አ. ወጣ። የእርስዎን ጥያቄ እነሱም ጠይቀዋል ማለት ነው፣ አባቴ። ግን ጥቁር አሜሪካዊም ጎንደሬ አይደለም። የኛን ልጆች ሊቆጥርልን የሚችለው የራሳችን ሰው ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እኮ በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው የተጀመረው፣ አገሩን የሚያውቅ የጤና ባለሙያ እንዲያወጣ።

---

ከወለቃ እስከ ሐይፋ

ሰላም ለጎንደር። እኔ ወለቃ ነው የተወለድኩት። በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል ስመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አሁን ነርስ ነኝ።

አባታችን «ደማችን ሌላ ነው» ላሉት የማውቀውን ልንገርዎ። እዚህ አገር ቤተ እስራኤል ላይ ጥናት ተደርጓል። ወላጆቻችን ሲመጡ ይህ የአንጀት መቆጣት የሚባል ነገር እነሱ ዘንድ ብርቅ ነበር። ከዓመታት ኑሮ በኋላ ግን መታየት ጀመረ። ደማችን አልተለወጠም። የተለወጠው ምግቡ፣ ውኃው፣ ኑሮው ነው። እናቴ ጤፍና ሽሮ ትበላ ነበር። እኔ ያደግኩት በታሸገ ምግብ ነው። ምክንያቱ ይሄ ነው ብሎ በአንድ ነገር ላይ ጣት መቀሰር አይቻልም፣ ግን ዘር ብቻ አለመሆኑን እኛ ምስክር ነን።

ጎንደር ስመጣ ፒያሳ ላይ ሕፃናት ጠዋት ጠዋት በፌስታል የታሸገ ቺፕስና ለስላሳ ይዘው ትምህርት ቤት ሲሄዱ አየሁ። ፈራሁ። የእናታችሁን በሶ አትናቁት።

---

ሥነ ምግብ ባለሙያ

ስለ ምግብ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ የማያውቀው ሕክምና አለ።

ክሮንስ ላለበት ልጅ ምግብ ራሱ መድኃኒት ሆኖ ይሰጣል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ልጁ ሌላ ምንም ሳይበላ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ፈሳሽ ምግብ ብቻ ይጠጣል። ከአሥር ልጆች ስምንቱ አካባቢ በሽታው ይበርድላቸዋል። ልክ እንደ ፕሬድኒሶሎን (የአንጀት ቁጣን የሚያበርድ ስቴሮይድ) ይሠራል፣ ግን ፊት አያሳብጥም፣ አጥንት አያሳሳም፣ ቁመት አያስቀርም። ለዚህ ነው በአውሮፓ የልጆች ሐኪሞች መመሪያ ላይ ቀድሞ የሚመከረው። አልሰራቲቭ ኮላይተስ ለሚባለው፣ ትልቁን አንጀት ለሚያቆስለው ሌላ በሽታ ግን አይሠራም፣ ለክሮንስ ብቻ ነው።

አደራ የምለው፣ ይህ ማለት አጥሚት ብቻ ስጧት ማለት አይደለም። ወተትም ብቻ አይደለም። ፈሳሹ ፕሮቲኑ፣ ስቡ፣ ቫይታሚኑ፣ ሁሉም ተለክቶ የተሠራ ነው። ቤት ውስጥ በግምት የተሠራ ነገር ለስምንት ሳምንት ብቻውን ሲሰጥ የተጎዳውን ልጅ የባሰ ይጎዳል። ዋጋውም ቀላል አይደለም፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ እዋሻለሁ።

---

የማሚቱ አባት (ማራኪ)

እኛ አልቻልነውም። ፈሳሹን የሁለት ሳምንት ብቻ ነው ያገኘነው፣ ከውጭ በሰው እጅ መጥቶ። አለቀ። ስለዚህ በፕሬድኒሶሎን ተጀመረላት፣ ቀስ እያለ ተቀነሰ፣ አሁን አዛቲዮፕሪን የሚባል የሰውነት መከላከያን የሚያረጋጋ መድኃኒት ላይ ናት። ፊቷ ሲያብጥ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። ሦስት ቀን አልቅሳ አራተኛው ቀን ነጠላ ተከናንባ ሄደች።

---

አንዲት እናት (አዘዞ)

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ መናገር ስላልቻልኩ ነው ዝም ያልኩት። ልጄ ወንድ ነው፣ 9 ዓመቱ። ሁሉንም አነበብኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሱሪ ነው የሚለብሰው። ሌሊት ይነሳል። መቀመጥ ያመዋል ግን አያሳየኝም። አንዴ ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ሊጀምሩለት ነበር፣ እኔ ፈርቼ ቀረሁ። ምን ላድርግ?

---

የልጆች ሕክምና ሬዚደንት

እህቴ፣ መጻፍሽ ትልቅ ነገር ነው። ሳላየው ይሄ ነው ልልሽ አልችልም። ግን ቶሎ መታየት አለበት።

ስለ ቲቢ ያሉሽ ስሕተት ላይሆን ይችላል። የአንጀት ቲቢና ክሮንስ በጣም ይመሳሰላሉ። ሁለቱም የሚወዱት ቦታ አንድ ነው፣ ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር የሚገናኝበት። ሁለቱም ያከሳሉ፣ ሁለቱም ያተኩሳሉ። ናሙና ተወስዶ እንኳ ሐኪሞች የሚከራከሩበት ጊዜ አለ። እንደኛ ቲቢ በበዛበት አገር አንዳንዴ የቲቢ መድኃኒት ተሰጥቶ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ አንጀቱ ዳግም ይታያል። ቁስሉ ከዳነ ቲቢ ነበር።

ይህ ጥንቃቄ ለከንቱ አይደለም። ፕሬድኒሶሎንም ሆነ እንደ ኢንፍሊክሲማብ ያሉ ቲ ኤን ኤፍ የሚያግዱ መድኃኒቶች ተደብቆ የተኛ ቲቢን ይቀሰቅሳሉ። አሜባም ካለ በፕሬድኒሶሎን ይብሳል፣ አንጀት እስከ መብሳት ይደርሳል። ስለዚህ እባክሽ ከፋርማሲ በራስሽ ምንም እንዳትገዢለት። የማሚቱ አባት ያነበበው «በሦስት ወር ውስጥ» የሚለው ውጤት እዚህ ሲመጣ ትርጉሙ፣ ተሯሩጦ መድኃኒት መጀመር አይደለም። ተሯሩጦ መመርመር ነው።

ስትመጪ ይዘሽ ነይ፦ የክትባት ካርዱን፣ እስከዛሬ የወሰዳቸውን የመድኃኒት ማሸጊያዎች፣ የላብራቶሪ ወረቀቶችን ሁሉ፣ ያረጀም ቢሆን። ቤት ውስጥ በቲቢ የታመመ ወይም የሚያስል ሰው ካለ ንገሪን። ፎቶም ካለሽ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ከእኩዮቹ ጋር ቆሞ የተነሳው፣ እሱም ይጠቅማል።

መቀመጥ ያመዋል ያልሽውን ግን እስከዚያ አታቆዪው። ቀስ ብለሽ ጠይቂው። ካፈረ አባቱ ወይም አጎቱ ይየው። መግል ወይም እብጠት ካለ፣ ትኩሳት ከጨመረ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል አምጪው።

---

አንዲት እናት (አዘዞ)

አጎቱ አየው። እብጠት አለ ግን መግል የለውም፣ ትኩሳትም የለውም። ማክሰኞ አመጣዋለሁ። ካርዱ አለ፣ አይጥ ጫፉን በልቶታል ግን ቁጥሩ ይነበባል። ብቻዬን ነኝ፣ ባለቤቴ መተማ ነው። የት እንደምሄድ ግራ ይገባኛል።

---

ማይክሮስኮፕ (ላብራቶሪ)

እህቴ፣ ማክሰኞ ጠዋት እኔ ተረኛ ነኝ። ሰገራ ከቤት አታምጪ። እዚያው ይስጥ፣ ወዲያው አየዋለሁ።

---

የማሚቱ አባት (ማራኪ)

እህቴ፣ ማክሰኞ የማሚቱም ቀጠሮ ነው። ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ካርድ ክፍሉ በር ላይ እንሆናለን። እሷ ቢጫ ሹራብ ትለብሳለች። ወረፋውን እኛ እንይዝልሻለን፣ ከአዘዞ ታክሲ እስክታገኚ ብትዘገዪም አትጨነቂ። ልጅሽን እሷ ታጫውተዋለች። ስለ ሌሊቱም ስለ ሕመሙም ከኔ ይልቅ እሷ ታስረዳዋለች፣ ደርሶባታልና። የፊንጢጣውን ምርመራ እንዴት እንደሚያደርጉት አስቀድማ ልትነግረው ፈልጋለች። «ማንም ስላልነገረኝ ነው ያን ያህል የፈራሁት» ትላለች።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ባዶ ሆዱን አምጪው፣ ደም ሊወስዱ ይችላሉ። ቁርሱን በሳህን ያዢለት።